የአባቴ ደንብ መተላለፍ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የተቀጠርኩት ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ባይመጣልኝ፣ ጽሕፈቷ ያምራል ተብዬ ገባሁ። ሥራዬ መዝገብ መክፈት፣ ቀጠሮ መጻፍና የተወሰነውን በንጹሕ መገልበጥ ነበር። ሦስት ዓይነት መዝገብ ነበረን። ፍትሐ ብሔሩ በመስኮቱ በኩል ባለው መደርደሪያ ላይ ይደረደራል፤ ወንጀሉ ቁልፍ ባለው የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ደንብ መተላለፉ ደግሞ ታች፣ ክረምት ሲሆን ጣራው ከሚያፈስበት ጥግ፣ በሲባጎ ታስሮ ይከመራል። አይጥ በላው አልበላው ብሎ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም።

በገባሁ በሳምንቱ ዳኛውን "ደንብ መተላለፍ ማለት ምን ማለት ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ከወሎ በኩል ተመድበው የመጡ፣ ማስረዳት የሚወዱ ሰው ነበሩ። "ስሚ ልጄ፣" አሉኝ፣ "ሰው መግደል፣ መስረቅ፣ ቤት ማቃጠል ወንጀል ነው። ከብቱን በተከለለ ሣር ላይ የለቀቀ፣ እጣቢውን መንገድ ላይ የደፋ፣ ሰክሮ ገበያ መሐል የጮኸ ግን ወንጀለኛ አይባልም። ሥርዓት ተላልፏል፣ በቃ። ትንሽ ይቀጣል ወይም ተገሥጾ ይሄዳል። ስሙ አይጎድፍም፣ ነገ ሥራ ልግባ ቢል ማንም አይጠይቀውም።" እኔም ይህን እንደ ጸሎት ሸመደድኩት።

አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው ቃሉን የወደድኩት ሰው ስለሚያሳርፍ ነው። መጥሪያ የደረሰው ገበሬ እየተንቀጠቀጠ ይመጣል። ከጅጋ የመጣች አንዲት ጠላ ሻጭ፣ አተላ መንገድ ላይ ደፋሽ ተብላ ተከሳ፣ ልጆቿን ለማን ትቼ ልታሰር ነው ብላ በሩ ላይ ተቀምጣ ስትንሰቀሰቅ አስታውሳለሁ። "እትዬ፣ አይዞሽ፣ ደንብ መተላለፍ እኮ ነው! አጥፍቻለሁ በይና ጨርሰሽ ግቢ" አልኳት። እንዳልኳት አደረገች፣ ከምሳ በፊት ተለቀቀች፣ ጉልበቴን ካልሳምኩ ብላ አስቸገረችኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ! የመጣውን ሁሉ እየጠራሁ እመክር ጀመር። ታይፒስቷ "የደንብ መተላለፍ ጠበቃ" የሚል ስም አወጣችልኝ፤ ስቄ ተቀበልኩት፤ ደስም ብሎኛል።

አባቴ ገበሬ ነበሩ፤ ቤታችን ከጅጋ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ሽማግሌም ነበሩ። ሽማግሌ ስል ሽበታቸውን ማለቴ አይደለም። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ገዳዩ ታስሮም ቢሆን ነገሩ አያልቅም፤ የሟች ወገን የገዳይን ወንድም አድብቶ ይጠብቃል፣ ወንድም ከሌለው ያጎት ልጅ ይፈልጋል። ያንን ደም የሚያደርቁት ሁለቱም ወገን "እሳቸውን ተቀብያለሁ" ያላቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ቀን ቆርጠው፣ ሁለቱን ወገን ቤተ ክርስቲያን ደጅ አቁመው፣ ካህን ባለበት ያማምሏቸዋል። ከዚያ በኋላ የሸሸ ይመለሳል፣ የሚያደባም ጦሩን ይሰቅላል። ለከብትና ለወሰን ጠብ ማንም ይሸመግላል። ለደም የሚቆመው ግን በዳኛ ፊት ጥፋተኛ ተብሎ የማያውቅ ሰው ነው። አንዱ ወገን ይህን አንሥቶ "እሳቸውን አልቀበልም" ካለ እርቁ ይፈርሳል።

ይህን አላውቅም ነበር ብል እንዴት ባረፍኩ። አውቅ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁት ነው ያደግኩት።

የመሬት ክፍፍሉ ባለቀ ሰሞን የጎረቤታችን የአንዲት ባልቴት ትልቁ ልጅ በወሰን ተጣልቶ ሰው ገደለ። እጁን ሰጠ፣ ተፈረደበት፣ ታሰረ። ትንሹ ልጇ እኩያዬ ነው፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። ጠቡ ሲነሣ ጅጋ ገበያ ነበር፤ በነገሩ ውስጥ እጁ የለበትም። ግን የሟች አጎት "አንዱ ለመንግሥት፣ አንዱ ለእኔ" ብሎ በአደባባይ ተናገረና ልጁ በዚያው ቀን ወደ ቡሬ ሸሸ። ቡሬ እህል በረንዳ ኩንታል እየተሸከመ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። እናቱ ብቻዋን ቀረች። ማረሻ የሚይዝላት የለም፣ ከብት የላት። አባቴ አንዲት ቦራ ላማቸውን በርቢ ሰጧት፤ ማለትም ላሟ የአባቴ ሆና እሷ ታበላለች፣ ወተቱ የእሷ ነው፣ የሚወለደውን በየተራ ይወስዳሉ። በዚያች ላም ወተት ነው ሴትዮዋ ነፍሷን ያቆየችው።

አባቴ እርቁን ለመጀመር ሁለት ዓመት ተመላለሱ። የሟች አጎት ክፉ ሰው ነው ልል ብፈልግም አልችልም፤ ልቡ የቆሰለ ሰው ነበር። እንቢ ሲል፣ በሩን ሲዘጋ፣ አባቴ ሌላ ጊዜ ሲሄዱ፣ በመጨረሻ "እርስዎ ካሉበት እሺ፤ ሌላ ሰው ቢመጣ ግን አልሰማም" አለ። ቀን ተቆረጠ፤ ከፋሲካ በኋላ፣ ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ በሳምንቱ። ቡሬ ሄጄ ለልጁ የነገርኩት እኔ ነኝ። ተሸክሞት የነበረውን ኩንታል ጣለና እዚያው አቧራው ላይ ተቀመጠ። "እናቴን ላያት ነው?" አለኝ። ለቤተ ክርስቲያን ደጁ ብሎ አዲስ ጋቢ ገዛ፤ በቀጣዩ ቅዳሜ ስሄድ አሳየኝ፣ እስከ ቀኑ አልለብሰውም አለ።

ላሟ ሣሩን የበላችው በዚያው በሁዳዴ ነው። መጋቢት ላይ አገሩ ደርቆ ሜዳው አፈር ብቻ ይሆናል፤ ለምለም ያለው ገበሬው ሁሉ ተሰብስቦ በከለለው ተራራ ላይ ብቻ ነው። ባልቴቷ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ላሟ ገመድ በጥሳ ወጣች። የተራራው ዘበኛ ያዛት። የጆሮዋን ስንጥቅ አየ፤ የአባቴ ከብቶች ሁሉ ቀኝ ጆሯቸው ላይ እንደዚያ ተሰንጥቀዋል። የአባቴን ስም ጽፎ ሰጠ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መጥሪያው መጣ፣ እኔም በገዛ እጄ መዝገቡን ከፈትኩት። ስማቸውን ሳይ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ወይ እኔ!

በቀጠሮው ቀን አባቴ በጠዋት ደረሱ። ጾም ስለሆነ ምንም አልቀመሱም። ወደ ጓሮ ወስጄ ምን እንደሚሉ ጠየቅኋቸው።

"ቀጠሮ እንዲሰጡኝ ልለምን ነው፣" አሉ። "ላሟ የእኔ ናት፣ ያሰማራኋት ግን እኔ አይደለሁም። ማን አሰማራት ካሉኝ ያችን ምስኪን ችሎት ላቆማት ነው፤ እሱንማ አላደርገውም። ስለዚህ ያ ቀን እስኪያልፍ ያቆዩኝ። ልጁ እቤቱ ይግባ፤ ከዚያ በኋላ እንኳን ጥፋተኛ ለምን ሌላ ነገር አይሉኝም።"

እዚህ ላይ ዲዳ ባደረገኝ ምን ነበረበት! "አባዬ፣" አልኳቸው፣ "ይህ እኮ ወንጀል አይደለም። ደንብ መተላለፍ ነው። ቀጠሮ ካስያዙ ምስክር ይጠራል፣ ዘበኛው ይመጣል፣ ሦስት አራት ጊዜ ይመላለሳሉ። አጥፍቻለሁ ይበሉና ዛሬውኑ ይለቅ።"

"ጥፋተኛ ይሉኛል አይደል?"

"ይሉዎታል፤ ግን የማይቆጠር ነው። በሕጉ ስምዎ ላይ ምንም አይቀመጥም። ዳኛው ራሳቸው ነግረውኛል።"

"ለደሙ ነገር አያውክም?" አሉ። እኔ የአባቴ ልጅ፣ የዚያ አገር ልጅ፣ "ኧረ እንዴት ሆኖ! ማንስ ሊሰማ?" አልኳቸው። "እንግዲህ አንቺ ተምረሻል፣" አሉ።

እውነቱን ልናገር፤ ሌላም ነገር ነበረኝ። አባቴ ቁምጣቸውን ለብሰው፣ ኮንጎ ጫማቸውን አቧራ ውጦት፣ ዱላቸውን በር ላይ አስረክበው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር። ታይፒስቷ የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ ሁለት ጊዜ አየቻቸውና "አባትሽ ናቸው?" አለችኝ። አዎ አልኩ፣ ግን ቀስ ብዬ። ቶሎ አልቆላቸው ቶሎ እንዲሄዱልኝ ፈልጌ ነበር። ቀጠሮ ካስያዙ ደግሞ ይመጣሉ፣ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ይቆማሉ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ችሎት ገቡ። ዳኛው ክሱን አነበቡላቸው። "ያምናሉ ወይስ ይክዳሉ?" አባቴ ወደ እኔ ዞር አሉ። እኔም ጥግ ላይ ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ። "አጥፍቻለሁ፣" አሉ። "ጥፋተኛ ተብለዋል። ዕድሜዎን አይተን በተግሣጽ አልፈንዎታል፤ ለወደፊቱ ከብትዎን ይጠብቁ" አሏቸው። ከገቡ እስኪወጡ ሻይ ተጥዶ አይፈላም። አባቴ ዱላቸውን ተቀበሉ፣ ግንባሬን ሳሙኝ፣ ወደ ጅጋ መንገድ ጀመሩ። እኔ ተደስቼ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። የውሳኔውንም ግልባጭ ጻፍኩት። "ተከሳሽ ድርጊቱን መፈጸማቸውን ስላመኑ ጥፋተኛ ናቸው ተብሏል" ብዬ፣ የአባቴን ስም ከእነ አያቴ አሳምሬ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ እንደ ደንቡ ለቀበሌው ላክሁት።

ሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሕዝቡን ሰብስቦ ስለ ተከለለው ተራራ ተናገረ። ለሌላው መማሪያ ይሁን ብሎ የመጣለትን ግልባጭ አወጣና አነበበ። በአባቴ ላይ ክፋት አልነበረውም፤ በዚያ ወር አንድ ወረቀት ብቻ ነበር የደረሰው። አባቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት ተቀምጠው ነበር። ሲያልቅ የሟች አጎት ተነሣ። አልጮኸም። "እኔ የወንድሜን ልጅ ደም ለንጹሕ ሰው ነበር የሰጠሁት" አለና ወጥቶ ሄደ።

ይህን የነገረኝ ረቡዕ ገበያ የመጣ የሰፈራችን ሰው ነው። ሲነግረኝ መጀመሪያ አልገባኝም፤ ደግሜ አስነገርኩት። ፈቃድ ጠይቄ በዚያው ቀን መንገድ ጀመርኩ። ቤት እንኳ ሳልገባ በቀጥታ ወደ ሟች አጎት ደጅ ሄድኩ። ጦሩን ከበሩ ጎን አቁሞ የቀንበር ማነቆ እየጠረበ አገኘሁት።

ቆሜ ያንን የሸመደድኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። ወንጀል ሌላ፣ ደንብ መተላለፍ ሌላ። ሕጉ ለይቶ ያስቀምጠዋል፣ ሰውየውን ወንጀለኛ አያሰኝም፣ ስም አያጎድፍም፣ ተግሣጽ ማለት ምክር ማለት ነው አልኩ። ሥራውን ትቶ በጥሞና ሰማኝ። ስጨርስ፣

"ልጄ፣ ይህን ሁሉ ተናግረሻል። አባትሽ በዳኛ ፊት አጥፍቻለሁ ብለዋል ወይስ አላሉም?" አለኝ።

"ብለዋል፤ ግን..."

"በቃ፤ ሳላሳዝንሽ ሂጂ።"

ቢሰድበኝ ይሻል ነበር፤ እመልስለት ነበር። እንደዚያ በትሕትና ሲሸኘኝ ምን ልበለው?

ቤት ስገባ ባልቴቷ እኛ ቤት ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። "ላሟን የለቀቅኋት እኔ ነኝ ብዬ ሄጄ እነግረዋለሁ፣ እግሩ ሥር እወድቃለሁ" ትላለች። አባቴ ይከለክሏታል፤ የገዳይ እናት እርቅ ሳይወርድ የሟች ደጅ ከቆመች ነገሩ እንደ አዲስ ደም ያፈላል። እኔ ደግሞ አባቴን ያዝኋቸው። "እርስዎ እውነቱን ይናገሩ! ያሰማራኋት እኔ አይደለሁም ይበሉ!"

"ያን ጊዜ ዋሽቼ ነበር ልበል?" አሉኝ። "ለዳኛ የዋሸ ሰው ለደም ይታመናል?"

አልቆጡኝም። ቢቆጡኝ፣ በዱላቸው ጀርባዬን ቢሉኝ እንዴት በወደድኩ! ማታ እራት ቀርቦ ሳልነካው ሲያዩኝ "ብዪ እንጂ፤ አንቺ ያወቅሽውን ነው የነገርሽኝ" አሉ። ከዚያች ቀን በኋላ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ዳኛው ቢሮ ገባሁ። ውሳኔው እንዲሰረዝልኝ፣ እንዲፋቅልኝ ለመንኩ። ግራ ተጋብተው አዩኝ። "ምኑ ይፋቃል? የወንጀል መዝገብ ላይ እኮ አልገባም። ለሥራ ቢሉ፣ ለሹመት ቢሉ ማንም አያነሣባቸውም። ደንብ መተላለፍ እኮ ነው!" አሉ። እውነታቸውን ነው። በሳቸው አገር እንደዚያ ነው። እኔ ግን በሁለቱም አገር የምኖር ነበርኩ፤ የአባቴን አገር መርሳት አልነበረብኝም።

ቀሪዎቹ ሽማግሌዎች አንድ ሁለቴ ሞከሩ፤ አጎትዬው "ከእሳቸው ሌላ ሰው አልሰማም ብያለሁ፣ እሳቸውንም አልቀበልም" ብሎ ዘጋው። ቀኑም እርቅ ሳይደረግበት አለፈ።

ቡሬ ሄጄ የነገርኩትም እኔው ነኝ። እህል በረንዳው ሥር ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ስነግረው መጀመሪያ የምቀልድ መስሎት ሳቀ።

"ላም ሣር በላች ብለው?"

"አዎ።"

"ስንት ቀን አሰሯቸው?"

"ምንም አልታሰሩም። ተገሥጸው ነው የወጡት።"

"ታዲያ ይህን ምን ይሉታል?"

"ደንብ መተላለፍ ይባላል።"

"ከባድ ነገር ነው?"

"አይደለም" አልኩት፤ በነጠላዬም ፊቴን ሸፈንኩ። እሱ አጽናናኝ፤ እኔን! "አንቺ ምን አደረግሽ? ተይ አታልቅሺ፣ ሰው ያያል" ይለኛል። ማን አጥፍቻለሁ ይበሉ እንዳላቸው አልነገርኩትም። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፈራሁ። አዲሱን ጋቢ ለእናቴ ስጪልኝ ብሎ ሰጠኝ። ሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከጓደኞቹ ጋር መተማ እወርዳለሁ አለ፤ ቡሬ ለጅጋ ቅርብ ናት፣ የሟች ወገኖች ሰው ልከው ያዩኛል ብሎ ሰግቶ ነበር። "መተማ ወባ አለ" አልኩት። "እዚህስ ምን አለ?" አለኝ። ጋቢውን ወስጄ ለእናቱ ሰጠኋት። ለብሳው አላየሁም።

አባቴ ያን ክረምት አረጁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ በሚቀመጡበት ዋርካ ሥር መቀመጥ ተዉ። ማንም አትምጡ አላላቸውም፤ ራሳቸው ቀሩ። ከወጣቶቹ ኋላ አጥሩ ሥር ቆመው ይሰሙና ማንም ሳያናግራቸው ወደ ቤት ያመራሉ። እናቴ "ምነው አንቱ፣ ሰው እኮ ይወድዎታል" ስትላቸው "አውቃለሁ" ይላሉ። ሰው የተጣላ እንደሆነ አሁንም ይመጣባቸዋል፤ "ወደ እገሌ ሂዱ" እያሉ ይመልሳሉ። በየወሩ ወደ ቤት ስሄድ ዓይናቸውን ላለማየት ከብት ስመልስ፣ እንጨት ስለቅም እውል ነበር። ቃሉን ከአፌ አወጣሁት። መጥሪያ ይዞ የሚመጣው ሰው "ይህ ነገር ከባድ ነው ወይ?" ሲለኝ "ዳኛውን ይጠይቁ" እለዋለሁ። ታይፒስቷ "ጠበቃዋ ምን ነካሽ?" ብላ ቀለደችብኝ፤ ያን ቀን ተጣላን፣ እስክትዛወር ድረስም አልታረቅንም።

ኅዳር ሚካኤልን ለማክበር ቤት ሄጄ ነበር። በዓሉ ባለፈ በማግስቱ ወደ ማምሻው ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። ከአባቴ ጋር ደም ሊያደርቁ የነበሩት ናቸው። ከዚያ ሆሳዕና ወዲህ ደጃችንን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው። ግቡ ቢባሉ አልገባም አሉ፤ አጥሩ ሥር እንደቆሙ አንዱ ተናገሩ። ከመተማ የተመለሰ አጫጅ መጥቷል። ልጁን ወባ ሁለት ሳምንት አሠቃይቶት እዚያው ሞቷል፣ እዚያው ተቀብሯል።

እኔ አጥሩን ይዤ ቀረሁ። "ነገ ማለዳ እናቱን ልናረዳት ነው" አሉ ሽማግሌው። "እኛ ብንነግራት ትሞትብናለች። ከአንቱ በቀር የምትሰማው ሰው የላትም። አንቱ ከፊት ይሁኑልን።"

ያን ጊዜ ነው ያበድኩት። "ልጁን ለመመለስ አልበቁም ብላችሁ ለመርዶው በቁላችሁ?" ብዬ ጮህኩ። አባቶች ላይ! በሕይወቴ ሽማግሌ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። እነሱም አልተቆጡኝም፤ አንገታቸውን ደፉ። ጥፋቱ የእነሱ እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ጩኸቱ ለሌላ ሰው ነበር፤ ለራሴ።

"ዝም በይ ልጄ" አሉ አባቴ። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ "እመጣለሁ" አሏቸው።

በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ ሄድን። እናቴና እኔ ሴቶቹ ባሉበት ከኋላ ነበርን። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይደረስበታል። ሽማግሌ እርቅ ይዞ የሚመጣውም በዚያው ሰዓት ነው። አባቴ ጋቢያቸውን መስቀለኛ ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ከፊት ይሄዳሉ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከኋላቸው። ከኋላ ሆኜ ሳያቸው እንደ ድሯቸው ነበሩ፤ ወገባቸው ቀጥ ብሎ።

ባልቴቷ ደጇን ትጠርግ ነበር። ቀና አለች። መጀመሪያ አላየችንም፣ እኛን ሴቶቹን ማለቴ ነው። ያየችው አባቴን ነው። አባቴን ከሽማግሌዎቹ ፊት፣ በማለዳ፣ ወደ እሷ ቤት ሲመጡ። መጥረጊያውን ጣለችው። ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ቆመች፣ ፊቷ በራ። እንደዚያ ፊቷ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

"አያ! ተቀበሉዎት? ታረቁልኝ?" አለች። "ልጄ መጣልኝ?"

አባቴ ቆሙ። እሷ መልስ አልጠበቀችም፤ እልል አለች። እናቴ እጄን አጥብቃ ያዘችኝ። እልልታዋ ቁልቁል እስከ ወንዙ ወረደ፤ ጎረቤቱም ምን ተገኘ እያለ እልልታውን እየተቀበለ ከየቤቱ መውጣት ጀመረ።